ካየሽው ትሰጪዋለሽ

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ከለቡ መብራት ኃይል ውስጥ ለውስጥ መጥቼ ዋናውን መንገድ ልቀላቀል ብዬ ሃያ ደቂቃ ያህል ተገትሬ ቀረሁ። ፍሬቻዬ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ሚኒባሱ ከፊቱ ያለውን አይሱዙ ሊስመው ምንም አልቀረው፤ ቪትዟ ሚኒባሱ ላይ ተለጥፋለች፤ ከእሷ ኋላ ያለው ባጃጅ እንኳ በመካከል ነፋስ እንዳይገባ የማለ ይመስላል። አንድም ሹፌር ወደ እኔ ዞር አይልም። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ፊት ለፊት ያያሉ። አላዩኝም እንዳትሉ፤ አይተውኛል። ፊት ለፊት የሚያዩት እኔን ላለማየት ነው። ይህን ያወቅኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ሠላሳ ምናምን ዓመት የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበርኩ። ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከቄራ እስከ ጎተራ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ በእጄ ያለፈ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዉም «ተፈራ ፍሬቻ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ደንቡንማ አስተምሬያለሁ፤ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ፣ ፍሬቻ መቼ እንደሚበራ፣ የቱ ምልክት ምን እንደሚል። እሱ ለፈተና ነው። ለመንገዱ ደግሞ የራሴ ትምህርት ነበረኝ። «አፍንጫዋን አስገባ፤ አፍንጫዋ ከገባ ገላዋ ይከተላል። ፓራውልቱን የሚጠላ ሰው የለም፤ ሳይወድ ይቆምልሃል» እላለሁ። ሌላው ሊገባብን ሲል ደግሞ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ዓይኑን አትየው። ካየኸው ትሰጠዋለህ» እላለሁ። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ፈተና ወድቀው የተመለሱት ሳይቀሩ ይቺን አይረሷትም። እነሆ በሰባ አራት ዓመቴ በገዛ ትምህርቴ ታፍኜ ቆሜያለሁ፤ የዘሩትን ማጨድ አይቀርም።

ከኋላዬ ያሉት ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ። በዚህ መሀል ጎመንና ሽንኩርት የታጨቀበት ዘንቢል ያንጠለጠለች፣ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ከእግረኛው መንገድ ወረደችና ሄዳ ከአንድ ሚኒባስ ፊት ቆመች። እጇን እንደ ትራፊክ ዘረጋች።

«እናት፣ ምን ሆነሽ ነው? መኪና እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ።

«መኪና መሆኑን አውቃለሁ» አለች ፍንክች ሳትል። «ሽማግሌው ይግቡ፣ ከዚያ ትሄዳለህ። ዞር ብለህ እያቸው እስቲ!»

ዞሮ አየኝ። ካየኝ በኋላማ ምን ያድርግ፤ ሰጠኝ። ገብቼ ዳር ይዤ ቆምኩና ላመሰግናት መስታወቴን አወረድኩ። ጎንበስ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ውይ! ጋሽ ተፈራ አይደሉም እንዴ? አስተማሪዬ!» አለች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ፊቷ ሞላ ብሏል። ዓይኖቿን ሳይ ግን አወቅኳት። ፀዳለ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል መንገድ ላይ እንዳላገኛት እየፈራሁ የኖርኩት እሷን ብቻ ነው።

ፈርቼ ጥዬአት ልሄድ አልችልም፤ «ግቢ፣ ላድርስሽ» አልኳት። ሀና ማርያም እንደምትኖር ነገረችኝ። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «መኪና አልገዛሽም?» ብላት «መቼ ነድቼ!» ብላ ሳቀች። «ያን ቀን ከመኪናዎ እንደወረድኩ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም።» ጥቂት እንደሄድን ሳቋ ጠፋ። የዘንቢሏን ጆሮ በጣቷ ትጠመዝዛለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ምናልባት ሰምተው እንደሆነ ብዬ ነው። ያቺ ሴትዮ ደረሰች?»

ይህን ጥያቄ ነበር ሃያ ምናምን ዓመት የፈራሁት።

ያን ጊዜ ሌላ ጊዜ ነው። ለቡ ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት ነበር፤ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሁሉ። ከሀና ማርያም የሚመጣው መንገድ ኮረኮንች ሆኖ፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ እየጫነ፣ ሳሪስ በኩል አስፋልቱን ይቀላቀላል። የትምህርት ቤታችን መኪና ክሬም ቀለም ፊያት ነበረች። ጣራዋ ላይ «ለማጅ» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ተሸክማለች፤ በእኔ በኩል ደግሞ አንድ የሰፈር በያጅ የገጠመልኝ ሦስት ትርፍ ፔዳል ነበራት፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መስጫ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ፍሬን ብቻ ነው ያላቸው። ነዳጅ መስጫው የእኔ ኩራት ነበር፤ ተማሪ ሲያመነታ እኔ እሰጥለታለሁ። አለባበሴም ቢሆን የሚናቅ አልነበረም፤ ካኪ ካፖርት፣ ጥቁር መነጽር፣ የኮሌታዬ ጫፍ እንደ ምላጭ የተተኮሰ። ትምህርቱ ሲያበቃ ሳሪስ መታጠፊያው ላይ ወዳለች ሻይ ቤት እንገባለን። ፓስቲው ከዘይት ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ሲቀመጥ ጋዜጣው ያልባል፤ በአንድ ብር ሁለት ሰው ይጠግባል። ባለቤቷ አንድ ቴፕ ነበራት። ካሴቱ ሲቀረቀር አውጥታ በእስክሪብቶ እያጠነጠነች፣ ዘፈኑ የቆመበትን ስንኝ በራሷ ድምፅ ትጨርሰዋለች፤ ደንበኛው ሁሉ ዘፋኙን ትቶ የእሷን ይወድ ነበር። ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ሱሪያችንን እምብርታችን ድረስ እንስበዋለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሞባይል ጠጋኝ አለ፤ ሳልፍ የፓስቲው ሽታ አሁንም ይመጣብኛል።

ፀዳለ ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ሁልጊዜ ቀይ ስካርፍ ታስራለች። መሪውን እንደ እንቁላል ነው የምትይዘው፤ እግረኛ ሲያቋርጥ መስታወቱ ተዘግቶ ሳለ «እሺ፣ እለፉ» ትላለች፤ ሌላ መኪና ሲቀድማት ራሷ «ይቅርታ» ትላለች። እስቃለሁ። «የኔ እህት፣ በዚህ አያያዝሽ ሳሪስን ሳታልፊ ታረጃለሽ» እላታለሁ። እሷም ትስቅ ነበር።

ጥር ነው፤ እሑድ ከሰዓት ነው፤ የሠርግ ወር። መኪና ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን እንኳ የጥር እሑድ መንገድ አይበቃም። ሪባን የታሰረበት መኪና ከፊት ይሄዳል፤ ከኋላው ሚዜው፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ክላክሱን አስጩኾ፣ ሴቶቹ በመስኮት ነጠላ እያውለበለቡ ይከተላሉ። በሠርገኛ መሀል መግባት ነውር ስለሆነ ሁሉም ያሳልፋቸዋል። ይህን ያወቁ ብልጣብልጦች ታዲያ ፍሬቻቸውን አብርተው፣ ክላክስ እየነፉ፣ ያልተጠሩበትን ሠርግ ጅራት ይዘው ያልፋሉ። ችግሩ፣ በሽተኛ የጫነ መኪናም ምልክቱ ያው ነው፤ አራቱም ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ በመስኮት የሚውለበለብ ነጭ ነጠላ። ሁለቱን የሚለየው የተሳፋሪው ፊት ብቻ ነው። ዞር ብሎ ፊታቸውን ያየ ሰው አይሳሳትም።

ያን ዕለት ሁለት አስመሳይ ሠርገኞች ከፊቴ ገብተውብኝ ደሜ ፈልቷል። ሰልፉ አንድ ክንድ ሄዶ ይቆማል። ኮረኮንቹ አስፋልቱን ከሚቀላቀልበት ስንደርስ አንድ አቧራ የለበሰ አሮጌ ላንድሮቨር በቀኝ በኩል፣ ማለት በእኔ መስኮት በኩል፣ እየጮኸ መጣ። ፍሬቻው ይበራል፤ ነጠላው ይውለበለባል። «ደግሞ መጡ!» አልኩ። ፀዳለ ፍሬን ያዘች። ከፊታችን አንድ መኪና የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ፤ ላንድሮቨሩም አፍንጫውን አዞረ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይግቡ ጋሼ፤ ሴትዮዋ እኮ...»

«አትያቸው! ካየሻቸው ትሰጫቸዋለሽ!»

«አይቻታለሁ ጋሼ፤ አሟታል፤ ሆዷን ይዛ...»

እኔ አላየሁም። ክንዴን ብዘረጋ በሚደርስ ቦታ ላይ ነበሩ፤ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ፊት ለፊት አየሁ። ግራ እጄን ሰድጄ መሪውን ያዝኩና ያን የምኮራበትን ነዳጅ መስጫ ረገጥኩት። ልጅቷ ደንግጣ እግሯን ከፍሬኑ አነሳች፤ ፊያቷ ዘላ ክፍተቱን ዘጋች። ከኋላችን ያለውም ተለጠፈብን፤ ከእሱ ኋላ ያለውም እንደዚያው። እኔ ስዘጋ መንገዱ ሁሉ ዘጋ። ያተረፍኩት አንድ የመኪና ቁመት ነው። ከዚያ ሁላችንም ባለንበት ቆምን። በስፖኪዮው ውስጥ ነጠላው ሲውለበለብ ለረጅም ጊዜ ይታየኝ ነበር።

«ሠርገኞች ናቸው» አልኳት። «ገና ልጅ ነሽ፤ መንገድ ብዙ ያስተምርሻል።» ጎተራ ስንደርስ ስፖኪዮ አየች፣ ፍሬቻ አበራች፣ ዳር ይዛ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሁሉን በደንቡ። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች፤ አልተመለሰችም። እኔም ደብተሬ ላይ ከስሟ አጠገብ «ትፈራለች» ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ሌላው ሰው እረሳው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤት ማኅበራችን ለቡ ላይ ቦታ አገኘ። አጥር የምጋራቸው ጎረቤቶቼ ድሪባና ሚስቱ ጫልቱ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ያረሱት መሬት ግማሹ ቤት ሆኖባቸው፣ የቀራቸው ጓሮና ሦስት ላም ነው። መሠረት ሳወጣ ውኃ የሰጡኝ እነሱ ናቸው። ጣራ ሳለብስ ድሪባ ሳይጠራ መጥቶ ቆርቆሮ ያቀብላል። ጫልቱ ደግሞ በጾም ካልሆነ በቀር ጠዋት ጠዋት ራሷ ወተት ይዛ በሬን ታንኳኳለች፤ ልጆቼ ያደጉት በእሷ ላሞች ወተት ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ የሰው ቁስል አይነካም ብዬ።

አንድ ቀን ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ነበርና ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተቀምጠናል። ወሬው እንደ ሁልጊዜው ወደ መንገድ ዞረ፤ ሰው ሰውን ማሳለፍ ተወ፣ መከባበር ቀረ፣ እንዲህ እንዲያ። ድሪባ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ተናገረ። ጫልቱ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሲጠናባት የአጎቱን ልጅ ላንድሮቨር ለምኖ ይዟት እንደወጣ፣ ነጠላዋን በመስኮት እያውለበለበ ሳሪስ እንደደረሰ፣ እዚያ አንዲት መኪና ልታስገባቸው ቆማ እንደገና እንደዘጋችባቸው፣ ከእሷ በኋላ ማንም እንዳላስገባቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» ነው ያለው። ልጁ ወንድ ነበር። ሞቶ ተወለደ። ጫልቱ ከዚያ ወዲህ አልፀነሰችም።

«ክሬም ፊያት ናት» አለ ድሪባ። «ጣራዋ ላይ ለማጅ የሚል አለ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊያቷ ተሽጣ በሌላ ከተተካች ቆይታለች፤ የሚያውቃት የለም። የዞሩት ስለጠረጠሩኝ አልነበረም። «ተፈራ፣ የሙያው ሰው አንተ ነህ» አለኝ ድሪባ። «እስቲ ንገረኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?»

«ለማጅ ናት» አልኩ። «ደንግጣ ይሆናል።»

ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሲያመልጠኝ ጥርት አድርጌ አውቄዋለሁ። ጫልቱ ከሴቶቹ በኩል ቀና አለች። «አልደነገጠችም» አለች ቀስ ብላ። «ቀይ ስካርፍ ያሰረች ልጅ ናት። ከአጠገቧ ያለው ሰው ፊቱን አላዞረም፤ እኔና እሷ ግን ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ባታየኝ እተወው ነበር፤ አይታኝ ነው ያለፈችኝ። እግዜር ይይላት።» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ «ባታየኝ እተወው ነበር ብላለች፤ እኔ ደግሞ አላየሁም» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በማግስቱ ጠዋት ጫልቱ ወተቱን ይዛ መጣች፤ ተቀበልኳትና «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

እንዲህ እየተባለ ሃያ ምናምን ዓመት ያልፋል፤ ማለፉ ነው የሚያስፈራው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አጥሩ ድረስ ሄጄ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመልሻለሁ። ድሪባ አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ እጄን ይዞ «ጎረቤት ከአንተ በላይ የለም» አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ትከሻዬ የከበደው በሬሳው አልነበረም። ባለቤቴም ሳትሰማ አረፈች፤ ልጆቼም የየራሳቸውን ቤት ይዘው ወጡ። ጫልቱና እኔ ሁለት ብቸኞች ሆነን በአጥር ተለያይተን ቀረን። ጠዋት ወተቱን ስትሰጠኝ ፊቴን አይታ «ዛሬስ እንቅልፍ አልወሰድዎትም» ትለኛለች፤ ሳስል ታሾፍብኛለች። ያቺ አንድ ደቂቃ የቀኔ ደህና ደቂቃ ነበረች።

እና ፀዳለ ከጎኔ ተቀምጣ «ያቺ ሴትዮ ደረሰች?» ብላ ትጠይቀኛለች።

«ደርሳለች» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ደርሳለች፣ በሕይወት አለች። ፀዳለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና አለቀሰች። «እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን! ጋሼ፣ ስንት ዘመን ሙሉ እግሬን ፍሬኑ ላይ አጥብቄው ቢሆን ኖሮ እያልኩ... መሪ የሚባል ነገር ሳይ ፊቷ ይመጣብኛል። የመሥሪያ ቤት መኪና ሊሰጡኝ ሲሉ እንኳ አልፈልግም አልኩ፤ ምክንያቱን ለባሌም አልነገርኩት።» ዓይኗን ጠረገች። እዚያ ላይ ቢበቃ ኖሮ እኔ ዝም ብዬ ሀና ማርያም አድርሻት እመለስ ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግን ዞር ብላ «ልጇስ?» አለችኝ።

መኪናውን ዳር አስያዝኩና ነገርኳት። ልጁን፣ ድሪባን፣ ወተቱን። ድንኳን ውስጥ ያልኩትንም ሳላስቀር ነገርኳት።

«እኔን ነው ለካ የሚረግሙት» አለች።

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር። «ቤቷ ሩቅ ነው?»

«ከእኔ ቤት ቀጥሎ ነው።»

«ያዙሩት» አለች።

መኪናውን አዞርኩ። እንደገና ዋናውን መንገድ መቀላቀል ነበረብን፤ እንደገና የሚያስገባን ጠፋ። አፍንጫዋን ላስገባ እግሬ በልማዱ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ፀዳለም አልወረደችልኝም፤ መንገድ አላስቆመችልኝም። ተቀምጠን ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ የአሸዋ መኪና ሹፌር ዞር ብሎ አየንና እጁን አወዛወዘልን።

ጫልቱ ደጃፏ ላይ የወተት ጣሳዎቿን ታጥብ ነበር። «ኮታ፣ ኮታ! ግቡ እንጂ! ጋሽ ተፈራ ዛሬ እንግዳ ይዘው መጡ?» ብላ አንዱን ጣሳ እንደያዘች አግዳሚ ወንበሩን ልትስብ ተነሳች።

«ጫልቱ፣ አልቀመጥም» አልኳት። አጥሩን ያዝኩ። «ሳሪስ ላይ ያን ቀን መሪ የያዘችው ልጅ ይቺ ናት። አይታሽ ፍሬን ይዛልሽ ነበር። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። መሪውን ከእጇ የቀማሁት፣ ነዳጁን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥ ለማጅ ናት፣ ደንግጣ ይሆናል ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ጣሳው ከእጇ አልወደቀም፤ ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ ደፋችው። መጀመሪያ ወደ እኔ አልመጣችም። ወደ ፀዳለ ሄዳ ፊቷን በሁለት እርጥብ እጆቿ ያዘችና ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አይተሽኝ ነበር» አለች።

«አይቼሽ ነበር። ከዓይኔ ጠፍተሽ አታውቂም።»

«እኔ ረግሜሽ ነበር፤ እህቴ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ስም እንኳ ላልወጣለት ልጅ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆመው አለቀሱ። እኔ አጥሩን እንደያዝኩ ነኝ። ጫልቱ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«በእርስዎ በኩል ነበርን፣ አይደል? ከእሷ ይልቅ ለእርስዎ እንቀርብ ነበር።»

«ለእኔ ነበር የምትቀርቡት።»

«እና አላዩኝም?»

«አላየሁሽም።»

«ለምን?»

ለስንቱ ተማሪ እየሳቅኩ ያስተማርኩትን ለእሷ ያለ ሳቅ ተናገርኩት። «ካየሁሽ እሰጥሻለሁ ብዬ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጣሳዋን አነሳች። «እርስዎ ይግቡ ቤትዎ» አለች ወደ ጣሳው እያየች። «እኛ እንቆያለን።»

በማግስቱ ወተቱ እንደሚቀር እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንዲቀርም ፈልጌ ነበር። ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጫልቱ ናት። ጣሳውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ እንዳላየችኝ ሆና፣ ሄደች። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ጾሙ ሲገባ እንደ ልማዱ ቀረ፤ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል አይመጣም እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። የፋሲካ ማግስት ተንኳኳ። ወተቱ አለ፤ ዓይኗ የለም። ስለ እንቅልፌ አትጠይቅም፤ ሳስል አትስቅም። ፀዳለ እሑድ እሑድ ከሀና ማርያም እየመጣች እሷ ዘንድ ትውላለች፤ ሳቃቸው በአጥሩ ላይ ያልፋል።

አንገቷን ለምን ቀጥ እንደምታደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ካየችኝ ትሰጠኛለች። ገና መስጠት አልፈለገችም፤ መብቷ ነው። ልጠራት እችል ነበር፤ ከፊቷ ልቆም፣ እግሯ ላይ ልወድቅ፣ ሽማግሌ ልልክባት እችል ነበር። አፍንጫ ማስገባትን ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል? ግን አላደርገውም። ጠዋት ጠዋት የትናንቱን ጣሳ አጥቤ፣ በሬን ከፍቼ እቆማለሁ። እሷ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ታልፋለች። እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ።